የሞተር ዘይት በስንት ኪሎ ሜትር ይለወጥ?

መኪና ባለበት ስፍራ ሁሉ የማይጠፋ አንድ ክርክር አለ፤ ይኸውም የሞተር ዘይት የሚለወጠው በስንት ኪሎ ሜትር ነው የሚለው ነው። አንዱ 3,000 ይላል፤ ሁለተኛው 5,000 ነው ብሎ ይምላል፤ ሦስተኛው ደግሞ 10,000 ሄጄ ምንም አልሆንሁም ብሎ ይመሰክራል። የነዳጅ ማደያው ሠራተኛ ዘይቱ ጠቁሯል ይላል፤ ሾፌሩ ገና ነው ይላል፤ የሒሳብ ሹሙም ባለፈው ወር ወጪ አድርገን የለም ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሁሉም የሚናገሩት ከልባቸው ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ የሚናገረው ስለ ራሱ መኪናና ስለ ራሱ መንገድ ስለ ሆነ ክርክሩ መጨረሻ አይገኝለትም።

ይህ ነገር የሾፌርና የመካኒክ ጉዳይ ብቻ መስሎ ሊታይ አይገባም። ዛሬ በትምህርት ገበታ ላይ ያለው ወጣት ነገ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ የዘይት መጠየቂያ ወረቀት ከጠረጴዛው ላይ ሲቀርብለት ወይ ይፈርማል ወይ ይከለክላል። ያለ ዕውቀት ከፈረመ የመንግሥት ገንዘብ ያባክናል፤ ያለ ዕውቀት ከከለከለ ደግሞ ሞተር ያቃጥላል። ስለዚህ ውሳኔው በምን ላይ መመሥረት እንዳለበት በዛሬው ጽሑፋችን ልናስረዳ እንወዳለን።

መልሱን ለማግኘት አስቀድሞ ዘይት በሞተር ውስጥ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የዘይትን ሥራ ማለስለስ ብቻ አድርጎ ይገምተዋል። እርግጥ ነው፣ ኮሎው ከማረፊያው፣ ፒስተኑም ከሲሊንደሩ ጋር ብረት ለብረት እንዳይፋተግ በመካከላቸው ስስ ሽፋን ሆኖ የሚቆመው ዘይት ነው። ነገር ግን ከዚህ ሌላ የራዲያተሩ ውሃ ከማይደርስበት ከፒስተኑ ላይ ሙቀት ይቀበላል፤ እድፉን አጥቦ ወደ ፊልትሮው ይወስዳል፤ በፋሻውና በሲሊንደሩ መካከል ያለውን ክፍተት ይደፍናል፤ ብረቱንም ከዝገት ይጠብቃል። ይህንም ሁሉ ሥራ ዘይቱ ብቻውን አይሠራውም። ፋብሪካው የሚጨምርበት ልዩ ልዩ መድኀኒት አለ፤ አንዱ እድፍ ያጥባል፣ አንዱ አሲድ ያመክናል፣ ሌላውም ዘይቱ በሙቀት ቶሎ እንዳይበላሽ ይከላከላል።

እንግዲህ ዘይት አረጀ ሲባል ልስላሴው ጠፋ ማለት አይደለም፤ መድኀኒቱ አለቀ፣ ባዕድ ነገርም ገባበት ማለት ነው። ሙቀት ሲበዛበት ከአየር ጋር እየተዋሐደ ይወፍራል። ሞተሩ በሚገባ ሳይሞቅ አጭር መንገድ ሄዶ ሲቆም ያልተቃጠለ ቤንዚን በፋሻው በኩል ሾልኮ ይገባና ያቀጥነዋል፤ ከቃጠሎው የሚወጣውም እንፋሎት በቀዝቃዛው ብረት ላይ ውሃ ሆኖ ይቀላቀለዋል። የናፍጣ ሞተር ጥላሸት ይጨምርበታል፤ በናፍጣው ውስጥ ድኝ ካለም አሲድ ይፈጠራል። ከአየር ማጣሪያው ያመለጠ አቧራ ደግሞ እንደ ሞረድ ሆኖ ብረቱን ይበላል።

ከነዚህ ምክንያቶች ውስጥ በቀጥታ በኪሎ ሜትር የሚለካ አንድም እንደሌለ አንባቢያችን ልብ ይበሉ። ኪሎ ሜትር የተመረጠው ቆጣሪው በእያንዳንዱ መኪና ላይ ስለሚገኝ ለማንበብ ቀላል በመሆኑ ነው። ሆኖም ቀላል መለኪያ ሁልጊዜ እውነተኛ መለኪያ አይደለም።

ነገሩን በሒሳብ እንየው። አንዲት መኪና በከተማ ውስጥ ስትቆም ስትነሣ በአማካይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች እንበል። 5,000 ኪሎ ሜትር ስትሞላ ሞተሯ 250 ሰዓት ሠርቷል ማለት ነው። ሌላዋ በአውራ ጎዳና ላይ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ብትጓዝ በዚያው በ250 ሰዓት 20,000 ኪሎ ሜትር ትጨርሳለች። የሁለቱ ሞተሮች የሥራ ሰዓት እኩል ሲሆን ቆጣሪው ግን ሁለተኛይቱን በአራት እጥፍ አስበልጦ ያሳያል። እንዲሁም አንድ ሾፌር ኀላፊው ከስብሰባ እስኪወጡ ድረስ ሞተሩን ሳያጠፋ በቀን ሁለት ሰዓት ቢጠብቅ፣ ወሩ 22 የሥራ ቀን ቢኖረው፣ በወር 44 ሰዓት፣ በአምስት ወር 220 ሰዓት ይሆናል። በቆመበት የሚሠራ ሞተር በደቂቃ 750 ዙር ያህል ቢዞር በአንድ ሰዓት 45,000 ጊዜ ይዞራል። ቆጣሪው ግን አንድ ሜትር እንኳ አልጨመረም። ጓደኛዬ 10,000 ሄደ ብሎ እርሱን መከተል አደገኛ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ይህን ነገር በጥናት ከመረመሩት መካከል በአሜሪካ የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ የምርምር ክፍል ባልደረባ የነበሩት የኬሚስትሪ ሊቅ ሸርሊ ሽዋርትዝ ይገኙበታል። እኒህ ሴት ከሥራ ባልደረባቸው ከዶናልድ ስሞለንስኪ ጋር ሆነው በ1987 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጽሑፍ የዘይት መለወጫ ጊዜን በራሱ የሚያስታውቅ መሣሪያ እንዴት እንደሚሠራ ገለጡ። መሣሪያው ዘይቱን ራሱን አይመረምርም፤ ሞተሩ የዞረውን ዙር ይቆጥራል፣ የዘይቱንም ሙቀት ይመለከታል። ዘይቱ ከልክ በላይ ሲግል ወይም ሳይሞቅ ሲቀር እያንዳንዱን ዙር ከፍ ባለ ዋጋ ያስብበታል። ዛሬ በብዙ መኪናዎች ላይ ዘይት ይለወጥ እያለ የሚበራው መብራት የዚህ ዐይነቱ አሳብ ፍሬ ነው። መሣሪያው የማይቈጥረው አንድ ነገር ቢኖር አቧራ ነው፤ አቧራማ በሆነ አገር የሚነዳ ሰው መብራቱን ብቻ አምኖ መቀመጥ የለበትም።

እንዲህ ያለ መሣሪያ የሌለው መኪና የያዘ ሰውስ ምን ያድርግ? መጀመሪያ ከመኪናው ጋር የመጣውን መጽሐፍ ይክፈት። ብዙ ሰው ይህን መጽሐፍ የሚያውቀው በመኪናው ኪስ ውስጥ ተቀምጦ ብቻ ነው። ብዙዎቹ የፋብሪካ መጻሕፍት ለዘይት መለወጫ ሁለት ዐይነት ቁጥር ይሰጣሉ፤ አንዱ ለተለመደ አነዳድ፣ ሌላው ለከባድ አነዳድ። የተለመደው 10,000 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከባዱ 5,000 ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ከቁጥሩም አጠገብ የወር ገደብ አለ፤ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው ይሠራል። ዓመቱን ሙሉ በግቢ ቆማ 2,000 ኪሎ ሜትር ብቻ የሄደች መኪና ዘይቷ አዲስ ነው ማለት አይቻልም።

ከባድ አነዳድ ሲባል ብዙ ሰው ጭነት ተሸክሞ ዳገት መውጣትን ብቻ ያስባል። መጻሕፍቱ ግን ከዚህ ጨምረው አቧራማ መንገድን፣ ከ8 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ አጭር ጉዞን፣ ሞተሩ እየሠራ ለረጅም ጊዜ መቆምን፣ እንደ ታክሲና እንደ ፖሊስ መኪና በዝግታ ሲመላለሱ መዋልን ይጠቅሳሉ። አንባቢያችን ይህን ዝርዝር ይዘው የአዲስ አበባን መንገድ ይመልከቱ። ከቤት እስከ መሥሪያ ቤት አምስት ኪሎ ሜትር፣ በመካከሉ የመንገድ መጨናነቅ፣ በጠዋቱ ቅዝቃዜ የተነሣ ሞተር፣ ከዚያም በበር ላይ መጠባበቅ፤ እነሆ፣ አስፋልት የማይለቅ ንጹሕ አውቶሞቢል በከባድ አነዳድ ዝርዝር ውስጥ ገባ። በጠጠር መንገድ የሚውል የፕሮጀክት መኪናማ ጥያቄ የለውም፤ እንዲያውም ዘይቱን ቶሎ ከመለወጥ በፊት የአየር ማጣሪያውን ማጽዳትና በጊዜው መቀየር ይገባዋል፤ አቧራው የሚገባበት በር እርሱ ነውና። በሌላ በኩል ጭነቷ መጠነኛ ሆኖ በጥሩ አስፋልት ረጅም መንገድ የምትጓዝ መኪና፣ ምንም እንኳ ብዙ ኪሎ ሜትር ብትሄድ፣ የተለመደው ቁጥር ይበቃታል።

ቀለም አይቶ መፍረድ ግን ትልቅ ስሕተት ነው። ጥሩ ዘይት እድፉን አጥቦ በውስጡ አንጠልጥሎ እንዲይዝ የተሠራ ነው፤ ስለዚህ መጥቆሩ ሥራውን መሥራቱን ሊያመለክት ይችላል። በናፍጣ ሞተር ውስጥማ አዲስ ዘይት ብዙ ሳይቆይ ይጠቁራል። ይልቅስ መለኪያ ዘንጉ ሲወጣ ሊያሳስቡ የሚገቡ ሌሎች ምልክቶች አሉ። ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ሻይ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተና መጠኑ ከምልክቱ በላይ ከወጣ ነዳጅ ተቀላቅሎበታል፤ መጠኑ ከታችኛው ምልክት በታች ከወረደ ደግሞ ወይ ይፈሳል ወይ ይቃጠላል። ይህ ሲሆን ዘይት ለውጦ ዝም ማለት በሽታውን መሸፈን ነው፤ ምክንያቱ መፈለግ አለበት።

የዘይቱም ዐይነት ከጊዜው ጋር አብሮ ይወሰናል። በቆርቆሮው ላይ የሚታየው እንደ 15ደብሊው-40 ያለው ቁጥር የውፍረት ምልክት ነው፤ ይህን የመመደብ ሥርዐት የአሜሪካ የአውቶሞቢል መሐንዲሶች ማኅበር በ1911 (እ.ኤ.አ.) ጀመረው። የፊተኛው ቁጥር ዘይቱ በቅዝቃዜ ጊዜ፣ የኋለኛው ሲግል የሚኖረውን ጠባይ ያሳያል። ከዚህ ሌላ የዘይቱን ደረጃ የሚናገሩ ፊደሎች አሉ፤ በኤስ የሚጀምረው ለቤንዚን፣ በሲ የሚጀምረው ለናፍጣ ሞተር ነው። መጽሐፉ ያዘዘው ቁጥር የሚያገለግለው መጽሐፉ ያዘዘው ደረጃ ሲሞላ ብቻ ነው። ዝቅተኛ ዘይት ሞልቶ የከፍተኛውን ዘይት ኪሎ ሜትር መጠበቅ አይቻልም።

እንዲህ ከሆነ በጥንቃቄ ስም በየ3,000 ኪሎ ሜትሩ ብንለውጥ ምን ይጎዳል? የሚል ይኖራል። ሞተሩን አይጎዳውም፤ ካዝናውን ግን ይጎዳዋል። ለምሳሌ 40 መኪና ያለው አንድ መሥሪያ ቤት እናስብ፤ እያንዳንዱ መኪና በዓመት 30,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ በአንድ ጊዜም አምስት ሊትር ዘይት ይይዛል። በየ3,000 ቢለወጥ በዓመት 2,000 ሊትር ዘይት ይፈጃል፤ በየ5,000 ቢለወጥ 1,200 ሊትር ይበቃል። ልዩነቱ 800 ሊትር ዘይትና 160 ፊልትሮ ነው። ነገር ግን በዚሁ አሳብ ተገፋፍቶ፣ መጽሐፉ 5,000 ያለውን እስከ 10,000 የሚጎትት ኀላፊ 600 ሊትር አተረፍሁ ሲል ሞተር አስወርዶ ማሳደስ ይመጣበትና ትርፉ ሁሉ ጋራዥ ይገባል። ቁጠባ ማለት ወጪውን በልኩ ማድረግ እንጂ ወጪን መሸሽ አይደለም።

ከገንዘቡም ሌላ የሚፈሰው አሮጌ ዘይት አለ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንደሚያስተምረው ከአንድ መኪና በአንድ ጊዜ የወጣ ዘይት አንድ ሚሊዮን ጋሎን ንጹሕ ውሃ ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ ወደ ቦይ ወይም ወደ መሬት መድፋት ነውር ብቻ ሳይሆን ጉዳት ነው። ያገለገለ ዘይት ተጣርቶ እንደገና ዘይት ሊሆን ስለሚችል በበርሜል ተጠራቅሞ ለሚቀበል ሊሰጥ ይገባል።

ብዙ ተሽከርካሪ ላለው መሥሪያ ቤት ደግሞ ከግምት የሚያድን ሌላ ዘዴ አለ። በ1946 (እ.ኤ.አ.) ዴንቨር ኤንድ ሪዮ ግራንዴ የተባለው የአሜሪካ የባቡር ኩባንያ ከናፍጣ ሞተሮቹ ጥቂት ዘይት እየቀዳ በላቦራቶሪ ማስመርመር ጀመረ። በዘይቱ ውስጥ የተገኘው የብረትና የመዳብ መጠን የትኛው የሞተር ክፍል እየተበላ መሆኑን አስቀድሞ አሳየ። ዛሬም የዘይት ምርመራ በዚሁ ዘዴ ይሠራል፤ ሲሊኮን ከበዛ አቧራ ገብቷል ማለት ነው። ላቦራቶሪ በማይገኝበት ስፍራ ግን አንድ ደብተር ብዙ ይሠራል፤ ዘይቱ የተለወጠበት ቀን፣ የቆጣሪው ቁጥር፣ የዘይቱ ዐይነት፣ በመካከሉ የተጨመረው መጠን ከተጻፈበት መኪናው ራሱ ይመሰክራል። ደብተር ከሌለ ሾፌር በተለወጠ ቁጥር ዕውቀቱም አብሮ ይሄዳል።

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ መኪና በስተቀር ሌላ የግል አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታውቋል። የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ዘይት አይጠይቅም። ይህ ግን ቀድሞ ለገቡት መኪናዎች የሚደረገውን ጥንቃቄ ያበዛዋል እንጂ አይቀንሰውም፤ ምትክ በቀላሉ ለማይገኝለት ሞተር ዕድሜውን ማርዘም የባለቤቱ ፈንታ ነው።

በጠቅላላው ውሳኔው ይህ ነው፤ መነሻውን ከመጽሐፉ መውሰድ፣ አነዳዱን በእውነት መርምሮ ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱን መምረጥ፣ የወሩን ገደብ አለመርሳት፣ በየሳምንቱ መለኪያ ዘንጉን ማየት፣ የተደረገውንም መጻፍ። አንድ ጊዜ ከተወሰነ በኋላ ደግሞ በጀት አለቀ፣ ሾፌሩ ፈቃድ ወጣ፣ መኪናው ለጉዞ ተፈለገ እያሉ ማሳለፍ አይገባም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው፤ አምስት ሊትር ዘይት ቅጠሉ ነው፣ ሞተሩ ቤቱ ነው።