ቀሚሱ ይቆጠራል፣ ሐይቁስ?

ሐረር ጀጎል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ ገበያ የሚወስድ አንድ ጠባብ መንገድ አለ፤ ግራና ቀኙ ልብስ ሰፊ ነው። «መኪና ግርግር» ይሉታል። ስሙን ያወጡለት የስፌት መኪኖቹ ድምፅ ነው። ዜና ላይ «የአገሪቱ ጥቅል የአገር ውስጥ ምርት በዚህን ያህል በመቶ አደገ» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ያ ትልቅ ቁጥር የሚሠራው እንዲህ ባሉ ጠባብ መንገዶች ላይ ከሚሆነው ነገር ነው።

እስቲ አንድ ቀሚስ እንከተል። ዋጋውን ለስሌት እንዲመች ብዬ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ነጋዴው ጨርቁን ከውጭ በ400 ብር ያስገባል። ለልብስ ሰፊው ሱቅ በ550 ይሸጣል። ሱቁ አሰፍቶ ለገዢዋ በ900 ብር ይሸጠዋል። ታዲያ ምን ያህል ተመረተ?

ሽያጮቹን ዝም ብላችሁ ብትደምሩ 1,450 ብር ይመጣል። ግን ጨርቁን ሁለት ጊዜ ቆጠራችሁት፤ አንዴ ለብቻው፣ አንዴ ቀሚሱ ውስጥ ሆኖ። ትክክለኛው መንገድ እያንዳንዱ ሰው የጨመረውን ብቻ መውሰድ ነው። ነጋዴው 150 ጨመረ፣ ሱቁ 350 ጨመረ፤ ድምሩ 500 ብር። ይህ «ተጨማሪ እሴት» ይባላል። የቀረው 400 ብርስ? እሱ ጨርቁ የተሸመነበት አገር ምርት ነው፤ እዚያ ተቆጥሯል።

ከገዢዋ በኩል ብንነሳስ? 900 ብር ከፈለች፤ ከውጭ የገባው 400 ሲቀነስ 500። በገቢ በኩልም 200 ብር ለተቀጣሪው ሰፊ ደመወዝ፣ 150 ለሱቁ ባለቤት፣ 150 ለነጋዴው ደረሰ እንበል፤ አሁንም 500። (ክርና መብራቱን ለማቅለል ብዬ ትቼዋለሁ።) በምርት፣ በወጪና በገቢ የሚባሉት ሦስቱ የመለኪያ መንገዶች እነዚህ ናቸው። ወረቀት ላይ እኩል ይመጣሉ፤ በተግባር ግን መረጃው ከተለያየ ቦታ ስለሚሰበሰብ ሳይገጥም ይቀርና ባለሙያዎቹን ያደክማል።

በኢትዮጵያ ስሌቱን የሚያወጣው የፕላንና ልማት ሚኒስቴር ነው፤ ከመረጃው ብዙውን የሚሰበስበው ደግሞ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት። ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ይቆጠራል። ችግሩ ብዙው ልብስ ሰፊ የሒሳብ መዝገብ የለውም። ስለዚህ በናሙና ይጠየቃል፤ ጥቂቶቹን በደንብ አይቶ ስለ ሁሉም መገመት ማለት ነው። ገበሬው ለቤቱ ያስቀረው ማሽላም ሳይሸጥ ይቆጠራል። ማሳው ይለካል፣ ከውስጡ ትንሽ አራት ማዕዘን ቦታ ተከልሎ ይታጨድና እህሉ ይመዘናል። ለእኔ ከጠቅላላው ሥራ በጣም የሚገርመኝ ይሄ ክፍል ነው።

ዋጋም ያታልላል። ቀሚሱ በዓመቱ 1,200 ብር ቢገባ ምርት አደገ ማለት አይደለም፤ ስለዚህ የተመረተው ሁሉ በአንድ በተመረጠ ዓመት ዋጋ እንደገና ይሰላል። በዶላር ሲሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የአገሪቱ ምርት በዶላር ሲታይ በአንድ ጊዜ አነሰ፤ መኪና ግርግር ላይ ግን አንድም ቀሚስ አልጠፋም።

ምን ይቆጠር፣ ምን ይቅር የሚለውን ሰዎች ናቸው ተስማምተው የወሰኑት። ሐረሪ እናት ለቤቷ ግድግዳ የሰፋችው ሰፌድ በደንቡ መሠረት ምርት ነው። ለልጆቿ ያበሰለችው ምሳ ግን አይደለም። ያንኑ ምግብ ምግብ ቤት ሄዳችሁ ብትበሉት ይቆጠራል! ይህ መለኪያ እንዳያሳስት ያስጠነቀቀው ራሱ ከጀማሪዎቹ አንዱ፣ ሳይመን ኩዝኔትስ ነበር። በ1934 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ኮንግረስ ባቀረበው ሪፖርት፣ የአንድን ሕዝብ ደኅንነት ከአገራዊ ገቢ ቁጥር ብቻ ማወቅ አይቻልም ብሏል።

አሁን ከሐረር ወጥተን በድሬዳዋ መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ እንሂድ፤ ሐረማያ ሐይቅ ዘንድ። ሐረር ለብዙ ዓመታት የጠጣችው ከዚህ ሐይቅ ነው። በዙሪያው ያሉ ገበሬዎችም ጫትና አትክልት ያጠጡበት ነበር። ደለል እየሞላው፣ ፓምፕ እየሳበው፣ ከ20 ዓመት ገደማ በፊት ደረቀ። ከተማዋም ውኃ ከድሬዳዋ አካባቢ ጉድጓዶች በረጅም ቧንቧ ማምጣት ግድ ሆነባት። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውኃው በከፊል ተመልሷል።

ይህ በስሌቱ እንዴት ይታያል? የቀሚሱን ሒሳብ አስታውሱ፦ ከሽያጩ የተገዛው ይቀነሳል። የጫቱ ሽያጭ ገባ፣ የፓምፑ ነዳጅ ተቀነሰ። የሐይቁስ ውኃ? ማንም ስላልሸጠው የተቀነሰው ዜሮ ነው። ጨርቁ ዋጋ ስላለው ተቀነሰ፤ ሐይቁ ዋጋ ስለሌለው እንደ ነፃ ዕቃ አለቀ። ከደረቀ በኋላ ደግሞ አዲሱ ቧንቧና ጉድጓድ እንደ ኢንቨስትመንት ተደመረ። እርግጥ ማሳው ውኃ ያጣ ገበሬ ምርቱ ሲቀንስ ቁጥሩም ይቀንሳል። ግን የሐይቁ መጥፋት ራሱ የትኛውም መስመር ላይ አልተጻፈም።

በ2025 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን የጸደቀው አዲሱ የአገራዊ ሒሳብ ደንብ፣ የተፈጥሮ ሀብት መመናመንን እንደ ምርት ወጪ ይቆጥራል። የሚቀነሰው ግን ዜና ላይ ከምንሰማው ጥቅል ምርት አይደለም፤ «የተጣራ የአገር ውስጥ ምርት» ከሚባለው ነው። ለዚያ ደግሞ ዝናቡ ስንት ሜትር ኩብ እንዳስገባ፣ ፓምፖቹ ስንት እንዳወጡ መለካት፣ ከዚያም ለአንድ ሜትር ኩብ ዋጋ ማውጣት ያስፈልጋል። ዋጋውን ከየት እናምጣ? አንዱ መነሻ ሐረር ያንኑ አንድ ሜትር ኩብ ከድሬዳዋ በኩል ለማምጣት የምታወጣው ወጪ ነው።