ከድል በኋላ የሚቀር ቁስል

ጦርነት በአእምሮ ላይ የሚተወው ጉዳት በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ራሱን የቻለ ሕመም ተብሎ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1980፣ ከቬትናም ጦርነት በኋላ ነው። ሕመሙ ያደረበት ሰው ያለፈው መከራ በሕልሙም በእውኑም ይመላለስበታል፤ በትንሽ ድምፅ ይደነግጣል፤ መከራውን ከሚያስታውሰው ነገር ሁሉ ይሸሻል። ቤተሰቡም አብሮት ይጎዳል።

ይህን ጉዳት በልብ ወለድ መረዳት ለሚሻ፣ መዓዛ መንግሥቴ በእንግሊዝኛ የጻፈችው «ዘ ሻዶው ኪንግ» ጥሩ መነሻ ነው። ደራሲዋ አዲስ አበባ ተወልዳ በአብዮቱ ዘመን በሕፃንነቷ ከአገር ወጥታለች። ቅድመ አያቷ የገዛ አባቷን በዳኛ ፊት ከስሳ፣ የቤተሰቡን ጠመንጃ ተረክባ ፋሺስት ጣሊያንን ለመውጋት መዝመቷን የሰማችው መጽሐፉን በመጻፍ ላይ ሳለች ነበር። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሞ በ2020 ለቡከር ሽልማት ከመጨረሻዎቹ ዕጩዎች አንዱ ሆነ።

ባለታሪኳ ሂሩት በፋሺስት ጣሊያን ወረራ ዘመን የምትኖር፣ ወላጆቿን ያጣች የቤት ሠራተኛ ናት። አባቷ የተወላትን ውጅግራ፣ ማለትም አሮጌ የፈረንሳይ ጠመንጃ፣ የጦር አለቃው ኪዳኔ ይወስድባታል፤ ኋላም ይደፍራታል። ልጇን የቀበረችው ሚስቱ አስቴር ደግሞ የሐዘኗን ምሬት በሂሩት ላይ ትወጣለች። እንግዲህ ሂሩትን ያቆሰላት ጠላት ብቻ አይደለም፤ አብራው የተሰለፈችው ወገንም ጭምር ነው። እንዲህም ሆኖ ለአገሯ ትዋጋለች። ንጉሡ ከአገር ሲወጡ እሳቸውን የሚመስል ሰው የንጉሥ ልብስ ለብሶ የአርበኞችን ወኔ ያነሣሣል፤ ሂሩትም ዘብ ትቆምለታለች።

የመጽሐፉ መክፈቻ ግን 1966 ዓ.ም. ነው። ሂሩት አዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ተቀምጣ ኤቶሬ የተባለውን የቀድሞ የጣሊያን ወታደር ትጠብቃለች። እስረኛ ሳለች ክብሯን በሚነካ ሁኔታ ፎቶግራፍ ያነሣት እሱ ነው፤ አደራ ያስቀመጠባትን የፎቶግራፍና የደብዳቤ ሣጥን ልትመልስለት መጥታለች። ከጦርነቱ ወዲህ ወደ 40 ዓመት ቢጠጋም ትዝታው አልተዋትም። ደራሲዋ ፎቶግራፎቹን በቃላት እየገለጸች፣ ካሜራው ያልያዘውን የሴቶቹን ስምና ሕይወት ትመልስላቸዋለች።

መጽሐፉ ማገገምን ከመርሳት ለይቶ ያሳያል፤ ሂሩት የሚቀልላት የሆነውን ሁሉ ፊት ለፊት ስታየው ነው። ዛሬም በየሰፈሩ ዘማች ያላቸው ቤተሰቦች አሉ። የዘመቱትን፣ በተለይም ሴቶቹን፣ ስለ ጀብዳቸው ብቻ ሳይሆን ስለ ደረሰባቸውም ሊናገሩ ሲፈቅዱ በትዕግሥት ማዳመጥ የቤተሰብም የአገርም ዕዳ ነው።