ያልተሣለው ገደል

ከደነባ ተነሥቶ ወደ እነዋሪ የሚጓዝ እንግዳ ሰው፣ በግራና በቀኝ የተዘረጋውን የዋልካ ሜዳ፣ በላዩም የተዘራውን ስንዴና ጤፍ ሲመለከት፣ ምድሪቱ ሳትቋረጥ እስከ መርሐቤቴ አምባዎች ድረስ እንደ ሰሌዳ የተነጠፈች ይመስለዋል። ዳሩ ግን በዚህ ሜዳና በዚያ አምባ መካከል የጀማ ወንዝና ገባሮቹ የቦረቦሩት ታላቅ ሸለቆ ተጋድሞአል፤ ገደሉም አፋፉ ላይ እስኪደርሱ አይታይም። የወዲህኛው እርሻ ጫፍና የማዶው አምባ ራስ በዓይን ፊት ተጋጥመው አንድ መስመር ስለሚሆኑ፣ በመካከላቸው ያለው ጥልቀት ሁሉ ከርእየት ይሰወራል። መሬቲቱ ራስዋ ተመልካችዋን ታታልላለች፤ ይህንም የምታደርገው አንዳች ሳትጨምር፣ አንዱን ነገር ብቻ ሰውራ ነው።

እኔ ኑሮዬን የምገፋው ለስልክና ለኮምፒዩተር ጨዋታዎች ዳራ በመሣል ነው። ዳራ የምንለው ተጫዋቹ ከሚያንቀሳቅሰው ገጸ ባሕርይ በስተኋላ የሚታየው ሰማይ፣ ተራራ፣ ዛፍና ቤት ሲሆን፣ ብዙ ሰው ከቁም ነገር ባይቈጥረውም ጨዋታው ዓለም መስሎ እንዲታይ የሚያደርገው እርሱ ነው። የስልክ ገጽ ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ ጠፍጣፋ መስታወት ስለ ሆነ፣ በዚያ ላይ ርቀትንና ቁመትን ለማሳየት የተነሣ ሠዓሊ፣ ወደደም ጠላም፣ ሥራው በዓይን ምትሐት ላይ የቆመ ነው። ምትሐት መሥራት አለመሥራት ስለዚህ የምርጫ ጉዳይ አይደለም፤ ለማን ዓይን እንደሚሠራና በምን ሕግ እንደሚሠራ መለየት ግን የሙያው ዋና ቁም ነገር ነው።

አንድ ጊዜ ለሩጫና ለዝላይ ጨዋታ ዳራ እንድሠራ ታዘዝሁ፤ የትእዛዙም አሳብ ተጫዋቹ ሜዳ ለሜዳ እየሮጠ ሲመጣ ገደል በድንገት እግሩ ሥር እንዲከፈት ነበር። ለዚህ ከሁሉ የሚቀለው መንገድ ገደሉን ጨርሶ ሸሽጎ በመጨረሻው ቅጽበት ብቅ ማድረግ ነው፤ እኔ ግን እንዲህ ያለውን አሠራር አልወደውም፤ ምክንያቱም ተጫዋቹ የሚሸነፈው በገዛ ዓይኑ ሳይሆን በሠሪው ጉልበት ይሆናል። ስለዚህ የጀማን ብልኀት ተከተልሁ። ሥዕሉን በሦስት ሌየር፣ ማለት በተደራራቢ ገጽ፣ ከፈልሁትና በፊተኛው ላይ የታጨደ የስንዴ ማሳ፣ አንድ የገለባ ክምርና ጥቂት ባሕር ዛፎች አኖርሁ፤ ቀለሙን ሞቅ አድርጌ፣ ቢጫውን ወደ ቀይ አዘንብዬ፣ ጠርዙንም አጥርቼ ሣልሁት። በኋለኛው ሌየር ላይ የማዶውን አምባ ራስ፣ እርሻውንና ጎጆዎቹን አሳንሼና አፍዝዤ አደረግሁ። መካከለኛውን ሌየር ባዶ ተውሁት፤ ገደሉ የተሠራው ባለመሣል ነው።

ሯጩ ሲንቀሳቀስ የፊተኛው ሌየር ከእርሱ ጋር እኩል ያልፋል፤ የኋለኛው ግን በስምንተኛ እጅ ፍጥነት ብቻ እየተጐተተ ይከተላል፤ ዓይንም ከዚህ የፍጥነት ልዩነት ርቀትን ያነባል። ባለሙያዎች ፓራላክስ የሚሉት ይህ ዘዴ በሥዕል ፊልም ዘንድ ቀድሞ የታወቀ ሲሆን፣ በቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ ከቀደሙት ምሳሌዎች አንዱ ኢሬም የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው ሙን ፓትሮል ነው። ሆኖም ፍጥነቱ ብቻውን አይበቃም፤ ቀለሙ ሌላ ምስክር ነው። ከሩቅ የሚመጣ ብርሃን ብዙ አየር አቋርጦ ስለሚደርስ፣ ጥላው ጥቁረቱን ያጣል፣ ሰማያዊም ይደረብበታል። በመስከረም ዝናሙ አየሩን አጥቦ ሲተው የመርሐቤቴ አምባ ድንጋይ ቢወረውሩ የሚደርስ ያህል ይቀርባል፤ በየካቲትና በመጋቢት አቧራና ጭጋግ ሲሞላ ያው አምባ እጅግ ርቆ ይታያል። እኔም ለጨዋታው ከሁለቱ መካከል ያለውን የኅዳርን አየር መረጥሁ፤ ሰማያዊውም ለሚያስተውል ብቻ የሚታይ ቀጭን ሆነ።

ዳራው ከጨዋታው ጋር ከተገጠመ በኋላ በመጀመሪያ የሞከሩት አዲስ አበባ ያሉ የሥራ ባልደረቦቼ ነበሩ፤ ሁሉም እየሮጡ መጥተው ገደሉ ውስጥ ገቡ፤ ትእዛዙ ይህ ስለ ነበረ ሥራው እንደ ተሳካ ተቈጠረ። በማግሥቱ ደነባ ላይ፣ ከትምህርት መልስ ከብት የሚጠብቅ የጎረቤቴን ልጅ ስልኩን ሰጥቼ አጫወትሁት። ልጁ ክምሩን አልፎ ጥቂት እንደ ሮጠ ጣቱን ከመስታወቱ ላይ አነሣና ሯጩን አቆመው።

«ምነው ቆምህ?» አልሁት።

«ጋሼ፣ ያ ማዶ ያለው እርሻ እኮ ሰማያዊ ነው፤ መሀሉ ገደል ነው» አለኝ፤ ቀጥሎም ቀስ ብሎ ተራምዶ አፋፉን አገኘና ዘለለው።

ይህ ልጅ ከባልደረቦቼ ይልቅ በጨዋታ የሠለጠነ አልነበረም፤ እንዲያውም ስልክ የሚያገኘው አልፎ አልፎ ነው። ነገር ግን ከብቱ ወደ አፋፍ እንዳይጠጋ ዘወትር ሲመለከት የኖረ ዓይን፣ ቢጫ እርሻና ሰማያዊ እርሻ ጐን ለጐን ሲታዩ በመካከላቸው ምን እንዳለ ያውቃል። ከዚያ ወዲህ እያደር የጸናብኝ አሳብ ይህ ነው፤ ምትሐት በሥዕሉ ላይ ብቻ የሚገኝ ነገር አይደለም፤ ግማሹ በተመልካቹ ልማደ ዓይን ውስጥ ተቀምጦ ሠዓሊውን ይጠብቃል።

ይህንንም የሥነ ልቡና ሊቃውንት አስቀድመው መርምረውታል። ሙለር ላየር የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1889 ያቀረበው ሥዕል ሁለት እኩል መስመሮችን ብቻ የያዘ ሲሆን፣ የአንዱ ጫፎች ወደ ውስጥ በታጠፉ፣ የሌላው ወደ ውጭ በተከፈቱ ክንፎች ስለ ተዘጉ፣ አንዱ ከሌላው ረዝሞ ይታያል። ሲጋል፣ ካምቤልና ሄርስኮቪትስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተሙት ጥናት፣ ይህን ሥዕል በብዙ አገር ላሉ ሰዎች አሳይተው፣ አሜሪካውያኑ ከብዙዎቹ የአፍሪካ ማኅበረሰቦች ይልቅ አብዝተው እንደሚታለሉ አገኙ። የሰጡትም ምክንያት በማዕዘናማ ቤትና በቀጥተኛ ጎዳና መካከል ያደገ ዓይን ማዕዘንን ሁሉ እንደ ርቀት ምልክት ማንበብ ይለምዳል የሚል ነበር፤ በዚህ ምክንያት ላይ እስከ ዛሬ የሚከራከሩ አሉ፤ ውጤቱ ግን እኔን ያሳስበኛል። ከዚህም ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው፣ ዴሬጎቭስኪና ሁለቱ ሙልድሮዎች እ.ኤ.አ. በ1972 ያሳተሙት፣ ሥዕል እምብዛም ባልገባበት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሜኤን ሕዝብ ዘንድ የተደረገው ጥናት ነው። በጨርቅ ላይ የታተሙ ትልልቅ የእንስሳት ሥዕሎች ቀርበውላቸው አብዛኞቹ እንስሳቱን ዐወቁአቸው፤ ሆኖም አንዳንዱ የሚያውቀው በአንድ አፍታ ሳይሆን፣ ይህ ጅራት ነው፣ ይህ እግር ነው፣ ይህ ቀንድ ነው እያለ ክፍሉን ከክፍሉ እያገጣጠመ ነበር። ሥዕልን ማየት የተፈጥሮ ስጦታ ብቻ መስሎት ለሚሠራ ሠዓሊ ይህ ታላቅ ማስጠንቀቂያ ነው።

በዓለም ዙሪያ ስለ ምትሐታዊ ጨዋታ ሲነሣ ሁሉም የሚጠራው ኡስቱ የተባለው የለንደን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣውን ሞኑመንት ቫሊን ነው፤ ይገባዋልም። የዚያ ጨዋታ ምሥጢር፣ በሆላንዳዊው ሠዓሊ በኤሸር ሥዕሎች መንፈስ የተሠራው፣ መስመሮች ወደ አንድ ነጥብ የማይሰበሰቡበት አይሶሜትሪክ የሚባለው አሣሣል ነው። በዚህ አሣሣል ሩቁ ነገር ከቅርቡ አያንስም፤ ስለዚህ በእውነት ተራርቀው ያሉ ሁለት ደረጃዎች በሥዕሉ ላይ ጫፍ ለጫፍ ከነኩ፣ የተነካኩ ናቸው ተብሎ ይፈረድላቸዋል፤ የጨዋታው ገጸ ባሕርይም በማይቻለው ድልድይ ላይ ተራምዳ ትሻገራለች። እኛ ዘንድ ይህን የሚያደንቁ ወጣት ሠዓልያን፣ መስመሮቹ የማይሰበሰቡበት አሣሣል ከአጠገባቸው እንዳለ ሲዘነጉ አያለሁ። የቤተ ክርስቲያናችን ሠዓልያን የመንበሩንና የማዕዱን ጠርዝ ወደ ሩቅ ሲሄድ አያጠብቡትም፤ ማዕዱን ከላይ፣ በማዕዱ ዙሪያ የተቀመጡትን ከፊት እያዩ በአንድ ሥዕል ላይ ያሳዩአቸዋል፤ የሰውንም ግዘፍ የሚለኩት በርቀቱ ሳይሆን በክብሩ ነው። ጻድቁን በሁለት ዓይኑ፣ ክፉውን በአንድ ዓይኑ በጐን የሚሥሉበት ሥርዓትም ለጨዋታ ሠሪ የተዘጋጀ ምልክት ነው፤ ተጫዋቹ ወዳጅና ጠላትን ያለ አንዳች ጽሑፍ ይለያል። ከግድግዳ ላይ ፊት ለፊት የሚመለከት ቅዱስ፣ ተመልካቹ ወዴትም ቢዞር በዓይኑ የሚከተለው የሚመስለው፣ ሥዕሉ ጠፍጣፋ ስለ ሆነና ከየትም ቢያዩት ያው ፊት ስለ ሆነ ነው፤ ይህ ምትሐት በስልክ ገጽ ላይም አይጠፋም።

ገደሉን የመሸሸግ ነገርማ በላስታ ተፈጽሞ ያለቀ ነው። የላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስ ከአለቱ ወደ ታች ተፈልፍሎ ጣራው ከአካባቢው መሬት ጋር ስለ ተካከለ፣ ከሩቅ የሚመጣ ሰው ሕንፃ መኖሩን ሳያውቅ ይቀርባል፤ ከላይ ሲመለከተውም በመጀመሪያ የሚያየው አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጸውን መስቀል ነው፤ የሕንፃው ቁመት ግን የሚታወቀው ጕድጓዱ ጠርዝ ላይ ሲቆሙ ነው። የጨዋታ ደረጃዎችን የሚነድፍ ሠሪ ከዚህ የተሻለ መግቢያ የት ያገኛል?

ስለ ጥላ ጥቂት ልበል። በሦስት ልኬት በሚሠሩ ብዙ ጨዋታዎች፣ ዘላዩ የት እንደሚያርፍ ተጫዋቹ እንዲያውቅ፣ ክብ ጥላ ቀጥ ብሎ ከእግሩ በታች ይቀመጣል፤ ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው ሱፐር ማሪዮ 64 ይህ ጥላ ጎልቶ ይታያል። ከምድር ወገብ እጅግ ርቆ በሰሜን ለሚኖር ሠዓሊ ይህ ጥላ ሐሰት ነው፤ በዚያ ፀሐይ ከቶ ከራስ በላይ አትቆምምና። ደነባ ግን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 10 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምትርቅ፣ በሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንታት በቀትር የቆመ ሰው ጥላው በእርግጥ ከእግሩ ሥር ይሰበሰባል። ፕሮግራመሮቹ ጥላውን «ለአመቺነት ያህል» ያስቀምጡታል፤ እኔ ግን የቀትር ትዕይንት እንዲሆን እጠይቅና ቀለሙን ሁሉ ከዚያ ፀሐይ ጋር አስማማለሁ፤ የዘፈቀደ የነበረው ምልክት በዚያን ጊዜ እውነት ይሆናል።

የአገራችን ጨዋታ ሠሪዎች ገና ጥቂቶች ናቸው። ቅኔ ጌምስ ያወጣው፣ አንዲት ዶሮ ከአሳዳጅዋ የምታመልጥበት ኩኩሉ፣ የራሳችን ገጸ ባሕርይ በራሳችን መንደር ሊሮጥ እንደሚችል አሳይቶአል። በእንዲህ ያለ ጨዋታ ብዙ ጊዜ ሯጩ ባለበት ቆሞ የሚንቀሳቀሰው ዓለሙ ነው፤ ተጫዋቹም ይህን ቢነግሩት አያምንም። ከጨዋታ ውጭም የአገር ምሳሌ አይታጣም፤ ከዚሁ ከሸዋ፣ ከአንኮበር የተወለደው ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ ለአፍሪካ አዳራሽ በነደፋቸው፣ 150 ካሬ ሜትር በሚሸፍኑት ባለቀለም የመስታወት መስኮቶች ላይ እያንዳንዱ ቍራጭ በጥቁር መስመር የተከበበ ነው፤ ከቅርብ ሲያዩት ቍርጥራጭ ነው፣ ራቅ ሲሉ ሕዝብ ነው። ስለ ፒክስል፣ የገጹ ሥዕል ስለሚገነባበት ጥቃቅን ነጥብ፣ የሚማር ተማሪ ኮምፒዩተሩን ከመክፈቱ አስቀድሞ እዚያ ቢወሰድ ባይ ነኝ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ ልጁ ጉዳይ ስመለስ፣ አዛዦቼ «ልጁ ካወቀው ሰማያዊውን አጥፋው፣ ሁሉም ይውደቅ» ብለውኝ ነበር፤ እኔም እንቢ አልሁ። በምትሐት የሚሠራ ጨዋታ ለሚያስተውል ተጫዋች አንድ እውነተኛ ምልክት ሊተውለት ይገባል፤ ጀማ እንኳ ይህን አትነፍግም። ምልክቱ በሥዕሉ ውስጥ ካለ፣ የወደቀ ሰው ተመልሶ ሲያየው ራሱን ይታዘባል፤ ከሌለ ግን ጨዋታውን ይጥለዋል፤ መጣሉም ትክክል ነው። ክርክሩ ሰነበተና ሰማያዊው በቦታው ቀረ።

በዚህ ሙያ የተሰማራችሁ ወጣቶች፣ አንድ ልመና አለኝ። ዳራችሁን ከማስረከባችሁ በፊት ለሥራ ባልደረባችሁ ብቻ አታሳዩ፤ እርሱ የእናንተው ዓይን ነው። ለገበሬ፣ ለእረኛ፣ ለሸማኔ፣ ስልክ ብዙ ለማይነካ አሮጊት አሳዩና ዝም ብላችሁ ተመልከቱ፤ የት እንደሚቆሙ፣ የት እንደሚሳሳቱ ጻፉ። ይህንም ከቤት ውጭ፣ ቀትር ላይ፣ የስልኩ ብርሃን በፀሐይ ሲዋጥ አድርጉት፤ እዚህ አገር ጨዋታ የሚጫወተው ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው እንዲያ ሆኖ ነው።