የልጅ ሳል ሲከርም

ሽሮ ሜዳ ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚላችሁ ጥለቱ የሚያምር ቀሚስና ነጠላ መሆኑ አይጠረጠርም። ዋጋ ተከራክራችሁ የገዛችሁት ነጠላ የተሠራበትን ቤት ግን ምን ያህሎቻችሁ ገብታችሁ አይታችሁታል? ከመንገዱ ገባ ብሎ ባለው መንደር፣ በአንዲት ክፍል ውስጥ ባል ከሽመናው ጉድጓድ አፋፍ ተቀምጦ መወርወሪያውን ሲያመላልስ፣ ሚስት ደግሞ አጠገቡ ማግ ስታጠነጥን ይውላሉ። ልጆቹም እዚያው ይጫወታሉ፤ ሲመሽም እዚያው ይተኛሉ። የእንጦጦ ብርድ ስለሚያይል መስኮት ቢኖርም ብዙ ጊዜ አይከፈትም።

በዚህ ዓይነት ቤት ውስጥ ሳል ሲጀምር ሰበብ አይታጣለትም። የጥጥ ብናኝ ነው ይባላል፤ ብርድ ነው ይባላል፤ ለማገዶው ጭስም ድርሻው ይሰጠዋል። እውነትም ሊሆን ይችላል። ዳሩ ግን ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ስለሚችል በግምት የሚታለፍ አይደለም። ጀርሙ በሽተኛው ሲያስልና ሲናገር ከትንፋሹ ጋር ወጥቶ በአየር ይተላለፋል፤ ጠባብና አየር የማይዘዋወርበት ክፍል ደግሞ ይመቸዋል። ይህም የሸማኔው ቤት ችግር ብቻ አይደለም። በአንድ ክፍል ልጆቻችንን የምናሳድግ የመሥሪያ ቤትና የፋብሪካ ሠራተኞችም ብዙ ነን።

እኔም ብሆን የምፈርድበት ሰው የለም። ልጄ አራት ዓመት ሳይሞላው የያዘው ሳል አልለቅ ሲል አንድ ወር ሙሉ በማርና በዳማከሴ ሳባብለው ከረምኩ። ከሥራ ፈቃድ መጠየቁ ከብዶኝ ነበር። ደግነቱ ነቀርሳ ሳይሆን ቀረ፤ ያን አንድ ወር ሳስበው ግን ዛሬም እንቅልፍ ይነሳኛል።

የነቀርሳን ጀርም ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ ያገኘው በ1874 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ዋናው ምርመራ አክታን ቀለም ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ማየት ነበር። ማይክሮስኮፕ ባለውለታችን ነው። ሆኖም ባለሙያው ጀርሙን እንዲያይ በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 ጀርም መኖር አለበት። ከዚያ ካነሰ በሽተኛው «የለብህም» ተብሎ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል። ጀርሙን በላቦራቶሪ አራብቶ ማየት ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል።

ጂን ኤክስፐርት የሚባለውን መሣሪያ የዓለም ጤና ድርጅት የደገፈው በኅዳር ወር 2003 ዓ.ም. ነው። ሲያዩት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሣጥን ነው። ባለሙያው አክታውን ከማቅጠኛ ፈሳሽ ጋር ቀላቅሎ ካርትሪጅ በምትባል ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ያደርግና ወደ መሣሪያው ያስገባታል። የቀረውን መሣሪያው ራሱ ይሠራዋል፤ ዲ ኤን ኤ የሚባለውን የጀርሙን የዘር ምልክት እያባዛ ይፈልጋል። በመጀመሪያ የወጣው ዓይነት እንኳ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 131 ያህል ጀርም ቢኖር ያገኘዋል። ውጤቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በዚያው ላይ ጀርሙ ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና መድኃኒት የተላመደ እንደሆነ አብሮ ይናገራል።

ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል አይምሰላችሁ። ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ስትወጡ የምታገኙት የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል የነቀርሳ ሕሙማን መታከሚያ ሆኖ የተቋቋመ ነው። መድኃኒት የተላመደ ነቀርሳ በአገራችን መታከም የጀመረውም እዚያው በ2001 ዓ.ም. ነው። መላመዱ ሳይታወቅ አባት የማይሠራ መድኃኒት እየዋጠ ወራት ሲያልፉ፣ ያው የተላመደው ጀርም ለሚስትና ለልጅ ይደርሳል።

የልጅ ነገር ሲመጣ ግን መሣሪያው ብቻውን አልበቃም። የሦስት ዓመት ልጅ «አክታህን አውጣ» ቢባል ምራቁን ይተፋል፤ አለዚያም ያለቅሳል። ትንንሽ ልጆች አክታቸውን ይውጡታልና። ስለዚህ ልጁ ቁርስ ሳይቀምስ በአፍንጫው ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ከጨጓራው ፈሳሽ መቅዳት የተለመደ ዘዴ ነበር። አንዲት እናት ልጇን ይዛ ይህን ስታይ ምን እንደሚሰማት ለእናንተ አልነግርም።

የተዋጠው አክታ ግን መውጫው የታወቀ ነው። እዚሁ ጉለሌ የሚገኘው፣ ቀድሞ ፓስተር የምንለው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ ኬ ኤን ሲ ቪ ከተባለው የኔዘርላንድስ የነቀርሳ ድርጅት ጋር ሆኖ የልጁን ዓይነ ምድር በዚያው መሣሪያ በቀላሉ ለመመርመር የሚያስችል ዘዴ ሠርቷል፤ ጥናቱም እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። ከዓይነ ምድሩ ጥቂት ተወስዶ ከዚያው ፈሳሽ ጋር ይናጣል፤ ሲረጋ ከላይ ያለው ተቀድቶ ወደ ካርትሪጁ ይገባል። ሌላ የተለየ ዕቃ አይፈልግም። ከሕፃኑ አፍንጫ ቱቦውን ያስቀረው እንዲህ ያለ ቀላል ሐሳብ ነው።

ሁሉም አልጋ በአልጋ ነው ማለቴ አይደለም። ብዙ ቦታ የሚታወቀው መሣሪያ በአንድ ጊዜ የሚቀበለው አራት ናሙና ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ ሥራው ይቋረጣል። መሣሪያው በሌለበት ጤና ጣቢያ ናሙናው ወዳለበት ይላካል፤ በአገራችን ለዚህ ሥራ ደብዳቤ የሚያደርሰው ፖስታ ቤታችን ጭምር ተሰማርቷል። በመሣሪያው ሁለት ሰዓት የሚፈጀው ምርመራ ለእናቲቱ ቀናት ሊሆንባት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ደግሞም በልጆች ሰውነት ጀርሙ ጥቂት ስለሚሆን መሣሪያው «አላገኘሁም» ቢልም ሐኪሙ ክብደቱንና የራጅ ሥዕሉን አይቶ ሕክምና ሊያዝ ይችላል። ይህን ሲያዝ «መሣሪያው የለም ብሎ ሳለ» ብላችሁ አትከራከሩ።

በመንግሥት ጤና ጣቢያ የነቀርሳ ምርመራውም ሆነ መድኃኒቱ በነጻ ነው። ስትሄዱ የልጁን የክትባትና የክብደት ካርድ ያዙ። በቤት ውስጥ የሚያስለው ሌላ ሰው ማን እንደሆነ፣ አያትም ሆነ ደባል ወይም ሞግዚት፣ ሳትደብቁ ንገሩ። ዓይነ ምድር ከተጠየቃችሁ ሽንት ያልነካው፣ የዚያኑ ዕለት የሆነ ይሁን። ናሙናው ወደ ሌላ ቦታ የሚላክ ከሆነም ውጤቱ በስንት ቀን እንደሚመለስ ጠይቁና ስልክ ቁጥራችሁን አስመዝግባችሁ ውጡ።