ጀርም ማጥፊያውን የሚመገቡ ጀርሞች

በዛሬ ጊዜ ጀርም ገዳይ የሚል ጽሕፈት ያለበትን ሳሙናና ፈሳሽ ከቢቸናም ሆነ ከሞጣ ገበያ ማግኘት አያስቸግርም። ገዝቶ የተጠቀመውም ሰው ቤቱ ከተሐዋስያን ሁሉ የጸዳ ይመስለዋል። ነገር ግን ይህንኑ መድኃኒት ቆራርጠው ምግብ የሚያደርጉ ባክቴሪያዎች መኖራቸውን ማወቅ ለእያንዳንዱ ቤተ ሰብ ስለሚጠቅም፥ ነገሩን በአጭሩ እናስረዳለን።

በብዙ ጀርም ማጥፊያ ፈሳሾች ውስጥ የሚገኘው ቅመም ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ ይባላል። ቅመሙ ራስና ረጅም የስብ ጭራ አለው፤ የሚገድለውም ጭራው የባክቴሪያውን ቅባታማ ሽፋን ሰንጥቆ ስለሚገባ ነው። ሱዶሞናስ ከሚባሉት ወገን አንዳንዶቹ ግን ጭራውን ከራሱ ይቆርጡታል። ከሞፈር የተለየ ማረሻ መሬት እንደማይሰነጥቅ ሁሉ፥ ቅመሙም ከዚያ ወዲያ ጉልበት የለውም። ጭራውን እንደ ማንኛውም ስብ ይመገቡታል፤ ቀሪውንም ደረጃ በደረጃ እያፈረሱ በመጨረሻ አብዛኛውን ውሃና የተቃጠለ አየር ያደርጉታል።

ይህ ሥራቸው ለወንዞቻችን በጎ ነው። እነርሱ ባይኖሩ የቤታችን እጣቢ መርዝ ሱሃን በመሳሰሉት ወደ ዐባይ በሚወርዱ ወንዞች ይከማች ነበር። በመረሬ አፈር ላይ ግን ሥራው ይዘገያል፤ ጭቃው ቅመሙን አጥብቆ ስለሚይዘው ባክቴሪያዎቹ በቀላሉ አያገኙትም። ደካማ ሆኖ የሰነበተውን መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎች ደግሞ መርዙን ከሰውነታቸው ገፍቶ ማስወጣትን ይለምዳሉ፤ በዚሁ መንገድ ሐኪም የሚያዝዘውን መድኃኒት ጭምር የሚያስወጡ አሉ።

ከሁሉ የሚከፋው ጠርሙሱ ራሱ የጀርም መራቢያ ሲሆን ነው። በ1951 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር ሎውበሪ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም፥ ቁስል ለማጠብ በተዘጋጀ ሴትሪማይድ ውስጥ ሱዶሞናስ መገኘቱን አስታወቀ፤ የጠርሙሱ ቡሽ ለጀርሙ መጠለያ ሆኖት ነበር። ጥጥ ዘፍዝፎ ማቆየትም ያው ነው፤ ጥጡ ቅመሙን እየጠጣ ፈሳሹን ያደክመዋል። ተራ ሳሙናም ቢቀላቀልበት ኃይሉን ይሰብረዋል። በውጭ አገር ስንማር መምህሮቻችን ከሁሉ ይልቅ የሚቆጡት በአሮጌው ላይ አዲስ ሲጨመር ሲያዩ ነበር።

የበረኪና ነገር ሌላ ነው። በረኪናን ባክቴሪያ አይበላውም፤ የሚያደክመው ፀሐይና ቆሻሻ ነው። ስለዚህ 5 በመቶ የሆነው በረኪና 1 እጅ ከ9 እጅ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ 0.5 በመቶ ከሆነ በኋላ ከአንድ ቀን በላይ አይቀመጥም። ቆሻሻው አስቀድሞ በሳሙና ታጥቦ በውሃ ይለቅለቃል።

ለእጅ መታጠቢያማ ተራው ሳሙና ይበቃል። አሜሪካ በ2016 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር ትሪክሎሳንንና 18 ሌሎች ቅመሞችን ከመታጠቢያ ሳሙና እንዲወጡ ያዘዘችው፥ ፋብሪካዎቹ ከተራ ሳሙናና ውሃ መብለጣቸውን ማስረዳት ስላልቻሉ ነው። ለቁስል ወይም ለዕቃ ማጥፊያ ፈሳሽ የሚይዝ ሰው ግን ባዶውን ጠርሙስ አጥቦ፥ ደፍቶ አድርቆ፥ ከዚያ በኋላ አዲሱን ይቅዳበት።