ባለ ሁለት ዓይን መነጽርን በቤት ውስጥ ስለ መመርመር



ከሐረር የጁገል ግንብ ጥንታውያን በሮች አንዱ ሐረሪዎች አስመዲን በሪ የሚሉት፣ በሌላውም ሕዝብ ዘንድ ሸዋ በር እየተባለ የሚጠራው ነው። ከዚሁ በር ውጭ ያለው ገበያ ከባሕር ማዶ የመጣ ልዩ ልዩ ዕቃ የሚገኝበት በመሆኑ፣ ለሥራ ወደ ሐረር የሚላክ የመንግሥት ሠራተኛ ሳይጐበኘው መመለስ አይወድም። እንግዲህ ከእነዚህ ጐብኚዎች አንዱ ያገለገለ ባለ ሁለት ዓይን መነጽር አግኝቶ ልቡ ቢከጅል፣ ሻጩ መስተዋቱን በጨርቅ ወልውሎ «ይመልከቱበት» ይለዋል፤ እርሱም ሩቁ ቀርቦ ስለ ታየው ብቻ ከደመወዙ ቈጥሮ ይከፍላል። ጉዳቱ የሚታወቀው ግን ዘግይቶ ነው።

ሩቁ ቀርቦ መታየቱ የመነጽሩን ደኅንነት አያረጋግጥም። ይህ መሣሪያ በማጠፊያ የተያያዙ ሁለት መነጽሮች ማለት ነውና፣ የሁለቱ አቅጣጫ ፍጹም ትይዩ መሆን አለበት። የፊተኛው መስተዋት የሚያየውን ነገር ገልብጦ ስለሚያሳይ፣ መልሶ የሚያቃናው በየቱቦው ውስጥ የተቀመጠ ፕሪዝም የሚባል ማዕዘናማ መስተዋት ነው። ይህን ዘዴ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1854 ኢጣሊያዊው ኢኛሲዮ ፖሮ አወጣው፤ በ1894ም የጀርመኑ የዛይስ ፋብሪካ በረቀቀ አሠራር ለገበያ አቀረበው። መነጽሩ ከጠረጴዛ ላይ ቢወድቅ ወይም በጓዝ ውስጥ ሲንገጫገጭ ቢሰነብት፣ ፕሪዝሙ ከመቀመጫው በጥቂቱ ይናጋል። መነጽሩ ስምንት እጥፍ የሚያቀርብ ከሆነም፣ ያች ጥቂት ጥመት ዓይን ዘንድ የምትደርሰው በዚያው መጠን በዝታ ነው።

ተመልካቹ ወዲያው የማያውቅበት ምክንያት አእምሮ ሁለቱን ሥዕል አንድ ለማድረግ የሚታገል ስለሆነ ነው። ዓይኖቻችን ወደ ውስጥ መዞርን ከንባብ ለምደውታል፤ ወደ ውጭ መዞር ግን ጥቂት ብቻ ይችላሉ፤ አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ማየትማ እጅግ ይከብዳቸዋል። ስለዚህ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ግንባር ይከብዳል፣ ራስ ይታመማል፣ አንዳንዱንም ያጥወለውለዋል። ባለቤቱም መነጽሩን ሳይጠረጥር ዓይኑን ይጠረጥራል፤ ሐኪም ዘንድ ሄዶ የተመለሰም አይጠፋም።

ምርመራው ያለ ምንም መሣሪያ ይፈጸማል። አስቀድሞ ማጠፊያውን እያጠበቡ ወይም እያሰፉ ሁለቱ ክቦች አንድ ክብ መስለው እስኪታዩ ድረስ ከዓይን ጋር ማስማማት ነው። ቀጥሎ የቀኙን ቱቦ ፊት በእጅ ጋርዶ በግራ ዓይን እያዩ መካከለኛውን መዘውር ማስተካከል፤ ከዚያም ግራውን ጋርዶ የቀኙን ቀለበት ማዞር ያስፈልጋል። ይህን ሳያደርጉ የሚመረምሩ ሰዎች ደኅናውን መነጽር በከንቱ ይነቅፋሉ።

ቀን ከሆነ፣ መነጽሩን በመስኮት ደፍ ላይ በታጠፈ ጋቢ አስደግፋችሁ በሩቅ ያለ ቀጥ ያለ የጣራ ጠርዝ ተመልከቱ፤ ርቀቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ባያንስ ይመረጣል። መነጽሩ ከጠርዙ ጋር እኩል ይጋደም፤ ካዘነበለ ፍርዱ ይሳሳታል። አሁን ዓይናችሁን ከመነጽሩ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ኋላ አርቁ። ሁለት ትንንሽ ብሩህ ክቦች ይታያሉ፤ የጣራው ጠርዝ ሁለቱንም በአንድ ከፍታ ሊያቋርጣቸው ይገባል። በአንዱ ከፍ፣ በሌላው ዝቅ ካለ መነጽሩ ጠሟል። በገበያ ላይ የሚቻለውም ይኸው ነው፤ ሻጩን እስኪመሽ አስጠብቆ ኮከብ ማሳየት አይቻልምና።

በቤት ግን የኮከቡ ፈተና ይበልጣል። ብሩህ ኮከብ መርጣችሁ ሁለቱንም ቱቦ ካስተካከላችሁ በኋላ፣ የቀኙን ቀለበት እስከ መጨረሻው አዙሩት። ኮከቡ በቀኝ ዓይን ፈዝዞ እንደ ሳንቲም ይሰፋል፤ በግራ ዓይን እንደ ነጥብ ይቀራል። ሁለቱ ስለማይመሳሰሉ አእምሮ ሊያዋሕዳቸው አይችልም፤ የተሰወረው ጥመትም ይገለጣል። ነጥቡ በሳንቲሙ ውስጥ ካረፈ መልካም ነው። ወደ ጐን ጥቂት ቢያፈነግጥ የተመልካቹ ዓይን ጠባይ ሊሆን ስለሚችል በችኰላ አይፈረድም፤ ከሳንቲሙ በላይ ወይም በታች ከወጣ ግን ያሠጋል። ሌላ ሰውም አይቶ ያንኑ ቢመሰክር ጥርጣሬ አይቀርም። ፀሐይን በመነጽር ማየት ዓይን የሚያጠፋ መሆኑን ልጆች ባሉበት ቤት ደጋግሞ መናገር ያሻል።

የቀኑን ፈተና ማጠፊያውን አጥብባችሁም አስፍታችሁም ድገሙት። ብልሃተኛ ነኝ ባይ ብሎን በማዞር መነጽሩን ለራሱ ዓይን ስፋት ብቻ አቃንቶት ሊሆን ይችላል፤ የሌላው ሰው ዓይን ሲሰፋ ወይም ሲጠብ ጥመቱ ይመለሳል። በሁሉም ስፋት ትይዩ ማድረግ ልዩ መለኪያ ያለው ባለሙያ ሥራ ስለሆነ፣ ብሎኑን በቤት መነካካት አይበጅም።

በባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ፣ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1970 በተቋቋመው፣ ዝሆን ሊያይ የሚወጣ ሰው መነጽሩን ረዘም ላለ ጊዜ ከዓይኑ ስለማይለይ ጥመቱን ጨርሶ ሊታገሠው አይችልም። የጠመመ መነጽር የገዛ ሰው ግን አንዱን ቱቦ ከድኖ በአንድ ዓይን ቢያይበት ያገለግለዋል፤ ሲገዛም ዋጋው የአንድ ዓይን መነጽር ዋጋ እንዲሆን መከራከር ይችላል።