ተጨማሪ መረጃ፦ ኤሌነር ራትቦን በ1928 ዓ.ም.

አንድ የብሪታንያ ፓርላማ አባል በዓመቱ ውስጥ ምን እንደጠየቀና ምን ብሎ እንደተከራከረ የሚያሳየው መዝገብ ሃንሳርድ ይባላል። ከ1901 ዓ.ም. ጀምሮ የምክር ቤቱ የራሱ ሠራተኞች ንግግሮችን ከሞላ ጎደል ቃል በቃል ይመዘግባሉ።

ለእኛ የ1928 ዓ.ም. መዝገብ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ ሊነበብ የሚገባው ነው። በዚያ ዓመት በኢጣሊያ ለተወረረችው ኢትዮጵያ ድምፃቸውን ካሰሙት የምክር ቤቱ አባላት አንዷ ኤሌነር ራትቦን ነበሩ። በ1921 ዓ.ም. የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ምሩቃን ወኪል ሆነው ሲመረጡ የየትኛውም ፓርቲ አባል አልነበሩም፤ መንግሥትን ለመተቸት የማንንም ፈቃድ አይጠብቁም ነበር። የዓለም መንግሥታት ማኅበር በኅዳር 1928 ዓ.ም. በኢጣሊያ ላይ የጣለው ማዕቀብ ነዳጅን አይጨምርም ነበር። የወራሪው ታንክ፣ ካሚዮንና አውሮፕላን ግን ያለ ነዳጅ አይንቀሳቀስም። ራትቦን ማዕቀቡ እንዲጠብቅ ወተወቱ። ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ተያዘች። ሰኔ 11 ቀን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አንተኒ ኢደን መንግሥታቸው ማዕቀቡ እንዲነሣ መወሰኑን ለምክር ቤቱ አስታወቁ። በዚያው ዕለት የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ሎይድ ጆርጅ መንግሥቱን ክፉኛ ወቀሱ። ወቀሳው ውሳኔውን አላስቀረም፤ ማን ከተጠቂው ወገን እንደቆመ ግን በስም ተመዝግቦ ይገኛል።

ራትቦን ኋላም ስለ ስደተኞች ሚኒስትሮችን በጥያቄ ሲያጣድፉ ኖረዋል። ለረጅም ዓመታት የታገሉለት፣ ለልጆች አሳዳጊዎች አበል የሚሰጠው ሕግም በ1937 ዓ.ም. ጸደቀ።